ትንሿ ሞተር ለረጅም መንገድ አትበቃም ያለው ማን ነው?

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ። አገር ማየት የትልቅ መኪና ባለቤት ዕድል ነው፤ ትንሿ ሞተር ከሰፈር ገበያ ለመመላለስ እንጂ ለሌላ አትሆንም የሚል እምነት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ናይሮቢ የሚገባ ሰው ላንድክሩዘር ከያዘ «ተጓዥ» ይባላል። በቬስፓ ከወጣ ግን ወይ አብዷል፣ ወይ ቸግሮታል፣ ወይ የሚሸሸው ነገር አለ ተብሎ ይጠረጠራል። ይህ እምነት ስሕተት ነው። ስሕተቱ የመጣው የሞተርን ጠባይ ካለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ጉዞን ከሀብት፣ ሀብትንም ከክብር ጋር አጣብቆ ከማየት ጭምር ነው። ጉዳቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ የገዛ አገሩንና የጎረቤቱን አገር ሊያይ ይችል የነበረውን ወጣት ከቤቱ ያስቀረዋል። ሁለተኛ፣ «ሞተር ለመንገድ አይሆንም» ከተባለ ሞተርን ለመንገድ ማዘጋጀት የሚባለው ዕውቀት አያድግም። ዕውቀቱ ባላደገበት ቦታ ደግሞ ግድ ሆኖበት የሚወጣው ሰው ሳይዘጋጅ ወጥቶ መንገድ ላይ ይቀራል።

ለመሆኑ ይህች የምትናቅ ሞተር ከየት መጣች? ቬስፓ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1946 በጣሊያን አገር፣ ፖንቴዴራ በተባለች ከተማ፣ ከጦርነት ፍርስራሽ መካከል ነው። ፒያጆ የተባለው ኩባንያ በጦርነቱ ዘመን አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ፋብሪካው በቦምብ ተደበደበ፤ ጦርነቱ ሲያበቃም ድኻው ሕዝብ በፈራረሰ መንገድ ላይ የሚሄድበት ርካሽ ነገር ፈለገ። ሥራው የተሰጠው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ለተባለው መሐንዲስ ሲሆን፣ ሰውየው የሄሊኮፕተር አዋቂ እንጂ የሞተር ሳይክል ወዳጅ አልነበረም። ስለዚህም የፊት ጎማዋን እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ ወገን ክንድ ላይ አንጠለጠላት፤ ጎማው ሲተነፍስ ቶሎ ተፈትቶ እንዲቀየር። የመጀመሪያይቱ ቬስፓ ሞተር 98 ሲሲ ብቻ ነበር። እንግዲህ ይህች ሞተር የተፈጠረችው ለክፉ መንገድና ለቀጭን ኪስ ነው። ለመዝናኛ የሆነችው ኋላ ነው።

ቬስፓ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ያው ፋብሪካ ባለ ሦስት ጎማ ታናሽ እኅት ሠራላትና «አፔ»፣ ማለትም ንብ፣ ብሎ ጠራት። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ ባለ ሁለቱንም ባለ ሦስቱንም ጎማ ሲሠራ ቆየ። ዛሬ በሐዋሳ፣ በጎንደርና በድሬዳዋ «ባጃጅ» እየተባለ ሰው የሚያመላልሰው ከዚሁ ዘር የወረደ ነው። ትንሿን ሞተር የሚንቅ የከተማ ሰው በልጅ ልጇ ላይ ተቀምጦ ነው የሚንቃት።

የሙያው ቋንቋም ቢሆን ባይተዋር አይደለም። ማንኛውም የሠፈር መካኒክ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ካላማዳሪያ፣ ማርሚታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ ሲል ይውላል። ቃላቱ ከጣሊያንኛ የመጡ ቢሆኑም ከጋራዥ ወጥተው አማርኛ ከሆኑ ዘመናት አልፈዋል። አንድ ሕዝብ ለአንድ ዕቃ ብልቶች በሙሉ ስም ካለው ዕቃውን ያውቀዋል ማለት ነው። የጎደለው ዕውቀቱን ከጋራዡ ደጅ አሻግሮ ለረጅም መንገድ የማዋል ድፍረትና ሥርዓት ነው።

«ይህ ሁሉ ወሬ ነው፤ በተግባር የታየ አለ?» ለሚል፣ ምስክር ሞልቷል። ጆርጆ ቤቲኔሊ የተባለው ጣሊያናዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1992 ከሮም በቬስፓ ተነሥቶ በ1993 ቬትናም፣ ሳይጎን ገባ። በዚያ ሳይበቃው ከአላስካ እስከ አርጀንቲና ጫፍ፣ ከአውስትራሊያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በዚችው ዓይነት ሞተር ተጓዘ። «እርሱ ፈረንጅ ነው፤ ጊዜውም ገንዘቡም አለው» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። ደግ፤ ፈረንጁ ይቅርና የቡሲያ ልጆች ይመስክሩ። በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሰውን በብስክሌት ከድንበር ድንበር ማሻገር ተጀመረ፤ «ቦዳ ቦዳ» የሚለው ስም የመጣውም ከዚያ ነው። ብስክሌቱ ቀስ በቀስ ለሞተር ቦታውን ለቀቀ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከ250 ሲሲ በታች ለሆኑ ሞተር ሳይክሎች የተጨማሪ እሴት ታክስን ስታነሣ ደግሞ አገሩን ሞላው። ዛሬ ከ100 እስከ 150 ሲሲ በሆነች ሞተር ሰው፣ የሙዝ ግንጣይ፣ የጋዝ ሲሊንደርና አልጋ ሳይቀር ጭኖ ከጧት እስከ ማታ የሚነዳ ሰው ከካምፓላ እስከ ኪጋሊ ተርታ ነገር ነው። ሞተሯ ይህን ችላ ሳለ አንድ ሰውና አንድ ሻንጣ ጭና በቀን 250 ኪሎ ሜትር መሄድ ያቅታታል ማለት ከሒሳብ ጋር መጣላት ነው።

እንግዲህ ክርክሩ በአንድ እውነተኛ መንገድ ላይ ይፈተን፤ ከአዲስ አበባ በሞያሌ አድርጎ ናይሮቢ። ርቀቱ 1,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትልቁ መኪና በሁለትና በሦስት ቀን ይጨርሰዋል፤ ትንሿ ሞተር ሳምንት ትፈልጋለች። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቀድሞ ከባድ መኪና የሚሰበርበት ድንጋያማ ጥርጊያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010ሮቹ ውስጥ አስፋልት ለበሰ። በሞያሌም የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በይፋ ተከፈተ። ስለዚህ «መንገድ የለም» የሚለው የድሮ መልስ አርጅቷል።

መንገዱ አለ ማለት ግን ተነሥቶ መሄድ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ነው ትንሿን ሞተር የሚወዱትም የሚወቀሱት። «ሞተሯ ጠንካራ ናት፤ የቀረውን እግዜር ያውቃል» ብለው የሚወጡ አሉ። እነዚህ ሞተሯን ከሚንቋት የባሱ ጠላቶቿ ናቸው፤ የናቂው ትንቢት በእነርሱ ይፈጸማልና። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለምጣድ ብቻ አይደለም።

ከነዳጅ ይጀመር። ባለ 150 ሲሲ ቬስፓ ስምንት ሊትር ገደማ ቤንዚን ትይዛለች። በ100 ኪሎ ሜትር ሦስት ሊትር ከግማሽ ብትጠጣ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ያለው ደግሞ 245 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሒሳቡ ጭካኔ አለበት፤ ማርሳቢት ሊደርስ 15 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ሰልባትዮው ይደርቃል። በመካከል በየትንንሹ መንደር በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ይገኝ ይሆናል፤ ጥራቱን ግን ማንም አይምልበትም። ስለዚህ አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ቅንጦት አይደለም። ዘይትና ቤንዚን ቀላቅላ ለምትሠራው ሞተር ከመቶ ሁለት እጅ የሚቀላቀል፣ ለዚሁ የተሠራ ዘይት መያዝ የግድ ነው፤ ለአምስት ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር።

ቀጥሎ ከፍታው ይመጣል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን አየሩ ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የአዲስ አበባ መካኒክ ለዚህ ስስ አየር ብሎ የካርቡሬተሩን የቤንዚን መተላለፊያ ቀዳዳ በጠባብ ቀይሮት ከሆነ፣ ሞተሯ ሰሜን ኬንያ ቆላ ከ1,000 ሜትር በታች ስትወርድ አየሩ ይበዛባትና ቤንዚኑ ያንሳታል። ቤንዚን ያነሳት ሞተር ትግላለች፤ ፒስተኗም ይነክሳል። የኋላ ጎማ በድንገት ተቆልፎ ነጂውን የሚጥለው ያኔ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሰፊውን ቀዳዳ በኪስ ይዞ ወርዶ መቀየር፣ ካንዴላውን እየፈቱ ቀለሙን ማየት፣ ሁለት ጣትንም ከፍሪሲዮን አለማራቅ። ነጥቶ የተገኘ ካንዴላ ሞተሯ ቤንዚን እንዳነሳት ይናገራል፤ የቡና ቀለም ያለው ግን ደኅና ነው።

ቁልቁለትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ዘይቷን ከቤንዚን ጋር የምትጠጣ ሞተር ቤንዚኑ ሲዘጋባት ዘይቱም ይዘጋባታል። እንደ ዓባይ በረሃ ያለውን ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ቁልቁለት በማርሽ ብቻ ይዞ፣ ቤንዚን ዘግቶ መውረድ ሞተሯን በጥም መግደል ነው። በፍሬን ብቻ መውረድም ፍሬኑን አግሎ ያሳጣል። ሁለቱን እያፈራረቁ፣ አልፎ አልፎ ቤንዚን እየሰጡ፣ እያረፉ ነው የሚወረደው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል አገሩ፤ ቁልቁለት ላይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

የጎማዋ ነገር ትልቁ ጸጋዋ ነው። የቬስፓ የፊትና የኋላ ጎማ አንድ ዓይነት በመሆኑ አንድ ተለዋጭ ለሁለቱም ይበቃል። ቸርኬው ከሁለት ክፋይ ተገጥሞ በዳዶ የታሰረ ስለሆነ ያለ ጎሚስታም ካላማዳሪያ መቀየር ይቻላል። ነገር ግን አየሩን ሳያስተነፍሱ የክፋዮቹን ዳዶ የሚፈታ ሰው ቸርኬው ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። ጭነትም ቢሆን ከኋላ አይከመርም። ሞተሩ ራሱ ከኋላ ስለሆነ የኋላ ጭነት መሪውን ያቀለዋል፤ ከባዱ ዕቃ በእግር መካከል፣ ዝቅ ብሎ ይታሰራል። በማርሳቢት ዙሪያ ይህ ነገር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። በዚያው አውራጃ በቱርካና ሐይቅ አቅራቢያ 365 የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያ ነፋስ መሪዋ የቀለለባትን ሞተር ከመንገድ ያወጣታል።

የቀረው የነጂው ነው። ኢትዮጵያ በቀኝ፣ ኬንያ በግራ ትነዳለች፤ አደጋው የሚደርሰው ድንበሩ ላይ ሳይሆን በማግሥቱ ጧት፣ ነጂው በልማድ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ነው። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የተባለው የሦስተኛ ወገን መድን ከመነሣት በፊት ይወጣል። በቦረናና በሰሜን ኬንያ ግመልና ከብት በአስፋልቱ ላይ ያድራሉ፤ ስለዚህ ጀምበር ሳትጠልቅ ማደሪያ መግባት ሕግ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ስለ መንገዱ ሰላም መጠየቅ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በኢትዮጵያ ብዙ መንገዶች በጦርነትና በግጭት ሲዘጉና ሲከፈቱ ኖረዋል። የሰላም ወሬ ሳይጠይቅ የሚወጣን ሰው ምንም ዓይነት ካንዴላ አያድነውም።

እዚህ ላይ ተቃዋሚው ጠንካራ ነጥቡን ያነሣል፤ ሞተር ሰው ይገድላል ይላል። እውነት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2021 በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 1.19 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማ ላይ የነበረ ነው። ይህን የሚክድ የሞተር ወዳጅ አይደለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማ የራስ ቁር የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ኪጋሊ ነጂውም ተሳፋሪውም ያለ ቁር እንዳይሄዱ አድርጋለች። ሌሎች ከተሞች ቁሩን መሪው ላይ አንጠልጥሎ የሚሄድን ነጂ እያዩ ያልፋሉ፤ የሚገድለው የሞተሯ ትንሽነት ነው ወይስ ይህ ቸልታ?

ለቸልታው የተሰጠው መልስ ሌላ ቸልታ ሲሆን ደግሞ ያሳዝናል። የአዲስ አበባ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ከለከለ። ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነበር። ወንጀሉ እውነት ነው፤ ቦርሳዋን የተቀማች እናት እንባም እውነት ነው። ሆኖም ሌባ በጨለማ ስለሚሠራ ሌሊት አይታገድም። ሰሌዳ መስጠት፣ ነጂ መመዝገብ፣ መንጃ ፈቃድን በእውነተኛ ፈተና መስጠት የሚያደክም ሥራ ነው፤ መከልከል ግን በአንድ ወረቀት ያልቃል። የቀላሉ መንገድ ዋጋ የሚታየው ቆይቶ ነው። በሥርዓት መንዳት የሚማርበት ከተማ ያጣ ወጣት ነገ ሞተር ሲያገኝ ያለ ትምህርት ወደ አውራ ጎዳና ይወጣል።

ስለዚህ የሚፈለገው ግልጽ ነው። ወላጅ ልጁን «በሞተር አትሂድ» ከማለት ይልቅ «ካንዴላህን አይተሃል? ቁርህስ የት አለ?» ብሎ ይጠይቅ። መካኒክ ያደሰውን ሞተር ሲያስረክብ ባለቤቱን ጎማ አስፈትቶ ያስገጥም። ባለ ሥልጣን ከመከልከሉ በፊት ያስተምር። ነጂም «እግዜር ያውቃል» ከማለቱ በፊት እርሱ ራሱ ማወቅ ያለበትን ይወቅ። ሳምንት ሙሉ በመንገድ የሚያሳልፍ ሰው በሐዋሳ ዓሣውን በልቶ፣ በያቤሎ ወተቱን ጠጥቶ፣ በማርሳቢት ነፋሱን ተጋፍጦ፣ በናንዩኪ የምድር ወገብን ተሻግሮ ናይሮቢ ሲገባ ጎረቤቱን አውቆ ይገባል። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ተዘጋጅታ የወጣች ትንሽ ሞተርማ እንዴት አትደርስ!