ባቡሩን ከማን ገዛን ሳይሆን ማን ይጠግነዋል?

ቀላል ባቡሩ በተነሳ ቁጥር «የቻይና ዕቃ እኮ ነው» የሚለው ወሬ ሰልችቶኛል። ባቡሩን የሠራው የቻንግቹን ፋብሪካ ለራሷ ለቻይና ከተሞችም ይሠራል፤ እዚያ በየቀኑ ሰው ያመላልሳል። የኛ ችግር ገዝተን መንዳት እንጂ መሥራት አለመጀመራችን ነው።

መስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር 41 ባቡር ነበረን። ፕሮጀክቱ 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፤ 85 በመቶው የቻይና ብድር። ከዚያስ? መለዋወጫው ከውጭ፣ መግዣው በዶላር። ዶላር ሲጠፋ ባቡሩ ቆመ። ብዙዎቹ ዴፖ ገብተው ቀሩ፣ እኛም ወደ ታክሲ ሰልፋችን ተመለስን።

ላዳን ለአሥርት ዓመታት በሕይወት ያኖሩ መካኒኮች ያሉበት ከተማ ነው እኮ! «ባቡር ላዳ አይደለም» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ለ41 ባቡር ተብሎ ፋብሪካ እንደማይተከልም አውቃለሁ። ደቡብ አፍሪካ ከአልስቶም ጋር ለ600 ባቡር ስትዋዋል 20ው ብቻ ብራዚል ተሠርቶ 580ው እዚያው አገሯ እንዲሠራ ነው ያስፈረመችው። እኛ ሙሉውን ባንችል መቀመጫውን፣ መስታወቱን፣ የበር ላስቲኩን፣ የፍሬን ሸራውን መሥራት ያቅተናል?

አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ የኤሌክትሪክ ሞተርን የሚያውቁት በጥቁር ሰሌዳ ሥዕል ነው። ለባቡር የሚሆን ሞተር ደግሞ እዚሁ ከተማ ውስጥ ቆሞ አቧራ ለብሷል።

ስለዚህ የሚቀጥለው ውል ሲፈረም የሪባን ቆረጣውን ፎቶ ተዉት። ስንቱ ዕቃ እዚህ ይሠራል? ስንት ልጅ ጥገና ይማራል? እሱን ንገሩን። ብድሩን የሚከፍሉት እነዚህ ልጆች ናቸው።