አንቱታ ለወንበር

ባለፈው ክረምት አጎቴን ተከትዬ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ የጠላሁት ቢሮውን ብቻ አይደለማ። አጎቴ ሰባን ተሻግረዋል። የጁቤ ውስጥ የተጣላቸው ሰው እንኳ አንቱ ነው የሚላቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ጋቢያቸውን ከትከሻ አውርደው አደገደጉ። ከደረት ኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለች የግብር ደረሰኝ አወጡ። የማዳበሪያ ምዝገባ ላይ ስማቸው ጠፍቶባቸው ነው የመጡት።

ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ልጅ (ልጅ ነው፣ የልጅ ልጃቸው ይሆናል) ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ነገ ና አላልኩህም?» አለ።

«ትናንትም ነገ ብለውኝ ነበር፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ነገ!»

ቀና ሲል እኔን አየ። መነጽሬን፣ የላፕቶፕ ቦርሳዬን። «ይግቡ፣ ምን ልታዘዝ?»

ለአንዲት ቅጽበት ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። አጎቴ በቆሙበት፣ በተዋረዱበት ደጃፍ «ይግቡ» መባል ደስ አለኝ። የምጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን ስለተጸየፍኩ ነው።

«የሥነ ምግባር ጉድለት ነው» አትበሉኝ። ልጁ ሥነ ምግባር ሞልቶታል፤ ለእኔ ሲያጎነብስ አይቼዋለሁ። በስተጀርባው ግድግዳ ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የጎደለው ሥልጠናም አይደለም፤ ሥልጠናማ በአበል ይሰጣል። ልጁ ጠንቅቆ የተማረው አንድ ነገር ነው፦ አንቱታ የሚሰጠው ሊጎዳህ ለሚችል ሰው ነው። ሊጎዳህ የማይችል፣ እሱ «አንተ» ነው፤ የሚያበላህ ቢሆንም።

ንቀት ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ ወደ ጎጃም፣ ወደ ብቸናና ሞጣ ይሂድና ይጠይቅ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የዚያ አገር ገበሬ እምቢ አለ። የታሪክ ጸሐፊዎች ግብሩንና ርስቱን ያነሳሉ፤ ልክ ናቸው። ገማች መጣ ሲባል ለገበሬው የታየው የመሬት መለኪያው ቀላድ ነው፤ ከቀላዱ ኋላ ደግሞ የአያቱ መሬት ሲነቀል። እኔ ግን ከግብሩ ሥር ያለውን አያለሁ። ያ ገበሬ ጠመንጃ ከማንሳቱ በፊት አቤት ብሏል። አቤት ባዩን ከሰው የማይቆጥር ሹም ነው ለጥይት ያበቃው። አውሮፕላን ተልኮ ቦምብ ተጣለበት። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። ያ ሁሉ ሰው ካለቀ በኋላ!

ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ ነገሩን ቀድመው ጽፈውት ነበር። ልቦለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ አመፁ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። የዲማው ፊታውራሪ መሸሻ ባላገሩን ከሰው አልቆጥር ብለው፣ በባላገሩ እጅ ተማረኩ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው አገር ሁሉ በፊታውራሪው ስቋል። በነጋታው ያው ሳቂ ቢሮው ገብቶ መሸሻን ሆኖ ይውላል። ፊታውራሪው እንኳ የሚኮሩበት የዘር ሐረግ ነበራቸው፤ የኛው መሸሻ ያለው ማኅተም ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ገበሬው ተበዳይ፣ ቢሮው በዳይ፣ እኔ ዳኛ።

ከቢሮው ስንወጣ አጎቴ ማረሻቸውን ሊያስቀጠቅጡ ወደ ባለእጁ ዘንድ ወሰዱኝ። ባለእጁ የአጎቴ እኩያ ናቸው፤ ጺማቸው እንዲያውም የበለጠ ነጥቷል። ወናፉ ሥር ጎንበስ ብለው ፍም ይነፋሉ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው እንዳትሰድቡ ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ እዚህ ሰፈር የደረሰ አይመስልም። ማታ በሰፈሩ ስለኚህ ሰው የሚወራውን፣ ጅብ ስለመሆን የሚባለውን ሳልሰማ አላደግኩም። ያለ እሳቸው እጅ ግን የሰፈሩ መሬት አይታረስም።

አጎቴ ማረሻዋን መሬት ላይ ጣል አደረጓት። «አንተ፣ ቶሎ በል፤ መሽቷል።»

«እሺ፣ ጌታዬ» አሉ ባለእጁ፣ ቀና ሳይሉ።

ጠዋት የሰማሁት ቃል ነው። ድምፁም ራሱ ነው፤ ከአጎቴ አፍ ወጥቶ እዚህ የደረሰ ይመስላል። ባለእጁ ፍሙን ጭረው ብረቱን ከተቱ። አጎቴ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ጠጋ አልኩና፣ «እርስዎም እኮ አንቱ ቢሏቸው ምን አለበት?» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ።

«ማንን?»