«ዋናዬን ሳላወጣ አልሸጥም»

በ100 ብር የገባ ዕቃ ገበያው 80 ብር ሲለው ባለቤቱ «ዋናዬን ሳላወጣ አልሸጥም» ብሎ መጋዘኑን ይቆልፋል። ያው ነጋዴ 120 ብር ሲሰጠው ግን፣ ዋጋው ገና እንደሚወጣ ቢጠረጥርም፣ ይለቀዋል። የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት ለዚህ ጠባይ ትዕግሥት የላቸውም። የተገዛበት ዋጋ አልፏል፣ መታየት ያለበት የነገው ነው ብለው ያልፉታል።

ነጋዴውን ከመገሠጽ ይልቅ በጭንቅላቱ የሚያሰላውን ልይ ብሎ የተነሣው «ኮግኒቲቭ» የሚባለው የሥነ ልቦና አቀራረብ ነው። ከእርሱ በፊት በአሜሪካ ገኖ የነበረው የእነ ስኪነር ትምህርት የሚለካው በዓይን የሚታየውን ድርጊት ነበር። እ.ኤ.አ ከ1950ዎቹ ወዲህ ግን ሰው መረጃ ተቀብሎ፣ አስታውሶና መዝኖ የሚወስን፣ ኮምፒዩተር መሰል ፍጡር ተደርጎ ይጠና ጀመር።

ለገበያ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚበጀው የሁለቱ እስራኤላውያን፣ የዳንኤል ካህነማንና የአሞስ ትቨርስኪ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ በ1979 ባሳተሙት ጥናት 95 ሰዎች በእርግጠኝነት 3,000 የእስራኤል ፓውንድ ከማግኘትና 80 በመቶ ዕድል ካለው 4,000 እንዲመርጡ ተጠየቁ። 80 በመቶዎቹ እርግጠኛውን ያዙ። ጥያቄው ወደ ኪሳራ ሲገለበጥ ግን 92 በመቶዎቹ ዕጣውን መረጡ። ሰው ሲያተርፍ ይፈራል፣ ሲከስር ይደፍራል ማለት ነው። ትርፍና ኪሳራ የሚለውም ከአንድ መነሻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከገዛበት ዋጋ፣ ተነሥቶ ነው።

ነገሩ በወረቀት ብቻ አልቀረም። ቴራንስ ኦዲያን እ.ኤ.አ በ1998 ያሳተመው ጥናት በአንድ የአሜሪካ አክሲዮን አገናኝ ድርጅት የነበሩ 10,000 ሂሳቦችን መረመረ። ደንበኞቹ ካተረፉት አክሲዮን 14.8 በመቶውን ሲሸጡ ከከሰሩት የሸጡት 9.8 በመቶውን ብቻ ነበር። በተከታዩ ዓመት የተሻለ የሄደው ደግሞ የሸጡት ነው።

ይሁንና አቀራረቡ ጉድለት አለው። የ1979ኙ ጥያቄ በምናብ የቀረበ ነበር። 3,000 ፓውንድ በጊዜው የአንድ ቤተሰብ የወር ገቢ ያህል ቢሆንም ከተጠያቂዎቹ ኪስ አንድም ሳንቲም አልወጣም። ከዚህ የሚብሰው ግን ሰውን ለብቻው እንደተቀመጠ ማሽን ማየቱ ነው። የመርካቶ ነጋዴ ለብቻው አይወስንም። ዕቃው በዱቤ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከዋናው በታች ሸጠ ከተባለ አበዳሪዎቹ በማግሥቱ ደጁ ላይ ናቸው። ደግሞም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር ተሻገረ። የውጭ ዕቃውን ቆልፎ የቆየ ሰው ያን ጊዜ ያሰላው መተኪያውን ነበር። ላቦራቶሪው ግን ይህንንም ከስሕተት ይቆጥርበታል።

አክሲዮን ሌላ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ የሚሸጥ ወረቀት የዱቤ ወሬ አያስነሣም፣ ከጂቡቲ ተጭኖም አይተካም። ስለዚህ የካህነማን ትምህርት ከመጋዘኑ ይልቅ እዚህ ይሠራል። ትምህርቱን ማወቅ ብቻውን ግን አያድንም፤ ካህነማን ራሱ ከስሕተቶቹ እምብዛም እንዳልተላቀቀ ተናግሯል። አገናኙ ደንበኛውን «ይህን አክሲዮን ዛሬ ባይኖርህ በዛሬው ዋጋ ትገዛው ነበር?» ብሎ ይጠይቀው። መልሱ «አልገዛም፣ ግን የገዛሁት በ100 ብር ነው» ከሆነ የሽያጭ ትእዛዙን ያዘጋጅ።