የሳምንት ሰርተፍኬት እና የሰው ፊት

አንድ የፎገራ አባት «ኡስታዝ፣ ልጄ አዲስ አበባ ሄጄ በአንድ ሳምንት የፊለር መርፌ ልማር አለችኝ፤ ሩዙን ልሽጥላት?» አሉኝ። አይሽጡ አልኳቸው።

ፊለር ከንፈርና ጉንጭ ይሞላል። ደም ሥር ውስጥ ከገባ ግን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። የሃያሉሮኒክ አሲዱን ፊለር የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ግን ወዲያው መሰጠት አለበት። ወረታ ላይ የትኛው ሳሎን ይዞት ይጠብቃል? ቦቶክስማ ሥሩ መርዝ ነው፤ መድኃኒት የሚያደርገው ልኩ ነው።

ሹሩባ መሥራት፣ ሒና መቀባት ሐላል እንጀራ ነው፤ ማንም አይናቀው። መርፌ ግን ሕክምና ነው። በፊቅህ፣ ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላጠፋው ዷሚን ነው፤ ካሣ ይጠየቅበታል። ሰርተፍኬት ሻጩማ ያን ቀን ስልኩን ያጠፋል።

ልጅቱ መርፌ መያዝ ከፈለገች ነርሲንግ ትማር፤ ዓመታት ይፈጃል። ሩዙን ለዚያ ይሽጡት።