ከቀመሩ በፊት ተራራው

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ተፈታኞች ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ሽምደዳ ነው። ብዙ ተማሪ «ዋይ እኩል ይሆናል ኤምኤክስ ሲደመር ሲ» ይላል፤ ኤም ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ዝም ነው።

ለሰሜን ጎንደር ልጅ መልሱ ደጁ ላይ ነው። ከሊማሊሞ ግርጌ ወደ ደባርቅ ሽቅብ ሲወጣ ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። በእኩል መጠን ስለሚቀንስ ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ኤም ያ የለውጥ መጠን ነው፤ ሲ መነሻው።

እረኛው ሽቅብ የወነጨፈው ድንጋይስ? ከጫፉ በታች ያለን ከፍታ ሁለቴ ያገኘዋል፦ ሲወጣና ሲወርድ። ኳድራቲክ ሁለት መልስ የሚኖረው እንዲህ ሲሆን ነው።

መምህራን ተራራውንና ወንጭፉን ያስቀድሙ። ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት በዘጋበት ክልል፣ የተገኘችው ክፍለ ጊዜ በሽምደዳ አትባክን።