የማይግሬን መድኃኒት አልስማማ ሲል
የማይግሬን መከላከያ መድኃኒት ያልተስማማው ሰው ብዙውን ጊዜ ለማንም ሳይናገር ይተወዋል። ሐኪሙ መድኃኒቱ የሠራ ይመስለዋል፤ ታካሚው ደግሞ ወደ ማስታገሻ ይመለሳል። ጉዳቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ፓራሲታሞልን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ኤርጎታሚንን 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ያመጣል። ከመከላከያዎቹ አንዱ የሆነው አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ እንቅልፍ ማሰኘቱና አፍ ማድረቁ እውነት ነው፤ ማታ ማታ በትንሽ መጠን ተጀምሮ ቀስ በቀስ ሲጨመር ግን ብዙዎች ይለምዱታል። ሌላው መከላከያ ፕሮፕራኖሎል ለአስም ሕመምተኛ ከመነሻውም አይታዘዝም፤ በድንገት ማቋረጡም ለልብ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

«የጎንዮሽ ጉዳቱን አስቀድሞ መንገር ታካሚውን ያስፈራል» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ያልተነገረው ሰው ግን ችግሩ ሲደርስበት የባሰ ይደነግጣል። ወረፋው ረጅም፣ ቀጠሮው ሩቅ ነው ለሚል ፋርማሲስቱ አለ፤ ከ«ቀን ሁለቴ» አልፎ የትኛው ምልክት በራሱ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ወዲያው ሐኪም ቤት እንደሚያስኬድ ማስረዳት ሥራው ነው። ኤርጎታሚን የወሰደ ሰው ጣቶቹ ከቀዘቀዙና ከደነዘዙ የደም ሥሮቹ እየጠበቡ ሊሆን ይችላልና ቀጠሮ አይጠብቅም። ሪቶናቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰውማ ኤርጎታሚንን ጨርሶ መንካት የለበትም።