ከቆጋ ጭቃ የወጣችው ጀልባ

ባለፈው ግንቦት ለወንድሜ ሙት ዓመት መራዊ ሄጄ ነበር። ዝክሩ አልቆ እንግዳው ሲበተን የቤተሰቡ ወሬ ሁሉ ስለ አንዲት አሮጌ ጀልባ ሆነ።

ወንድሜ ገበሬ ነበር፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ቆጋ ግድብ ላይ ዓሣ ያሰግራል። ከጣና ዳር ያገለገለች የጣውላ ጀልባ ገዝቶ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ የዝናቡን ውኃ የሚቀዳላት ጠፍቶ፣ በዚያው ክረምት እንደታሰረች ሰጠመች። ቆጋን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ክረምት የሞላው ውኃ በበጋ 7,000 ሄክታር ለማጠጣት ለተሠራው መስኖ ይለቀቃል፣ ዳርቻውም ከሳምንት ሳምንት ይሸሻል። ግንቦት ላይ ጀልባዋ እስከ ወገቧ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ ብቅ አለች።

የ19 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ደስታውን አልቻለውም። ጎረቤት ሰብስቦ በሁለት በሬ ሊያስጎትታት ተነሣ። የመጀመሪያው ጉተታ የፊቷን ቀለበት ከነጣውላው ገንጥሎት መጣ። ሐሳቡ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ሊገለብጣት ነበር። አልፈርድበትም፤ እኛ አገር ሰው የሚያውቀው ታንኳ ነው። የደንገል ታንኳ ውኃ ይጠጣል፤ ከጉዞ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ጣውላ ግን ሌላ ነው። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ መጋጠሚያውም ይጠብቃል፤ ተቻኩሎ ሲደርቅ ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ቀንበር የጠረበ ገበሬ ይህን አያጣውም፤ እርጥብ እንጨት የሚደርቀው በጥላ ነው። በስዊድን ቫሳ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በ1628 ሰጥማ በ1961 ስትወጣ፣ እንዳትሰነጠቅ ሰም መሰል ኬሚካል የተቀላቀለበት ውኃ ለ17 ዓመታት ሲረጭባት ኖሯል።

ስለ ጀልባ እኔ ምን አውቃለሁ? ትዝ ያሉኝ በሥራ ዘመኔ ያየኋቸው በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ናቸው። እናት ልጇ ቶሎ እንዲያገግም ጠግቦ እንዲበላ ትፈልጋለች። እኛ ግን መጀመሪያ ኤፍ-75 የሚባለውን ቀላል ወተት በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ፣ ትንሽ ትንሽ ነበር የምንሰጠው። የደከመ ልብ ብዙ ነገር በአንዴ አይችልም። "ሲስተር፣ ልጄን በረሃብ ልትገድሉት ነው?" ያለችኝ ነበረች። ሌሊት ተደብቃ ገንፎ ያበላችም ነበረች፤ የዚያን ልጅ ፊት እስካሁን አልረሳሁትም።

"ልጄ፣ ተው አትጎትታት" አልኩት።

"አክስቴ፣ ክረምት ሳይገባ ካልወጣችኮ ተመልሳ ትሰጥማለች።"

እውነቱን ነው። መላውን ያመጡት ከዘጌ የመጡ፣ ወንድሜን የሚያውቁ አንድ አዛውንት ናቸው። "የሰጠመችው በውኃ ነው፤ ውኃው ራሱ ያውጣት" አሉ። በውስጧ የተጋገረውን ጭቃ በአካፋ ሳይሆን በእጅና በጣሳ አወጣን። ጣውላው እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ አለበስናት፤ ልጁ ጠዋትና ማታ ውኃ ያርከፈክፍበታል። የተገነጠለው ቦታ በከመነዳሪና በቆርቆሮ ተለጠፈ፣ ስንጥቁ ሬንጅ በነካ ጥጥ ተጠቀጠቀ። ከዚያ አሥራ ሁለት ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ክዳናቸውን አጥብቀን በግራና በቀኝ እኩል አሰርን። አንዱ ጀሪካን ውኃ ውስጥ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ያነሣል። እንዳትነጠቅም በረዥም ገመድ ከችካል ጋር ታሰረች። ቀሪው የዝናቡ ሥራ ነው።

የወንድሜ ሚስት በዚህ ሁሉ ጊዜ ከዳር ቆማ ታያለች እንጂ አንድ ጣሳ ጭቃ አላነሣችም። ማታ እግሬን ስታጥበኝ፣ "እትዬ፣ አባቱን አፈር በላብኝ፤ ልጁን ደግሞ ውኃ እንዲወስድብኝ ነው የምታወጧት?" አለችኝ። ልጁ ዋና አይችልም። ጀልባዋን እንዴት እናድን ስንል ሰንብተን፣ ይህን የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም፤ ዕድሜዬን በሙሉ እናቶችን ስመክር የኖርኩት እኔም ጭምር። መልስ አልነበረኝም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ስልክ ተደወለ። "አክስቴ፣ ተነሣች!" ሌሊት በዘነበው ውኃ ከጭቃው ተላቃ፣ ጠዋት ሲደርስ ጎንና ጎኗን በጀሪካን ታቅፋ ስትንሳፈፍ አገኛት። በሁለት ቀን ቀስ እያሉ ውኃዋን ቀዱላት። አሁንም ታፈስሳለች፤ በየጠዋቱ ሁለት ባልዲ ይወጣታል።

ስምንቱ ጀሪካን ለጎረቤት ተመለሰ። አራቱን እናቱ አልሰጥም አለች። ክዳናቸውን አጥብቃ መቀመጫው ሥር በገዛ እጇ አሰረቻቸው። ልጁ ከአጎቱ ልጅ ጋር፣ ውኃው ከደረት በማያልፍበት ዳርቻ፣ ዋና እየተማረ ነው (ለቢልሃርዚያ ሰገራውን እንዲያስመረምር አደራ ብዬዋለሁ)። መረቡን እናቱ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ የምታወርደው ከአንዱ ችካል እስከ ሌላው ሳያርፍ ሲዋኝ ቆማ ካየች በኋላ ነው።